ዘሩንም ጨርሱ የሚል ለጋሽ

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም መስኮት የሚያንኳኩ ቆሎ ሻጮች የዕለቱን ሽያጭ ሁሉ አይበሉም፤ ለነገ ገብስና ሽምብራ መግዣ ይቀንሳሉ። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱም ገበሬው ዘሩን ከቀለቡ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን ማድረግ የተከለከለው ግብረ ሰናይ ድርጅቱ ብቻ ነው።

ከለጋሽ ጋር የሚፈርመው ውል ገንዘቡ ለተጻፈለት ሥራ፣ በተጻፈለት ሩብ ዓመት ይለቅ፣ የተረፈው ይመለስ ይላል። የጣርማ በር መንገድ በተኩስ ሲዘጋና የድርጅቱ መኪና ሳይወርድ ሲቀር፣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው "ዝቅተኛ አፈጻጸም" ነው። መዝጊያ ስብሰባው ላይ ደግሞ ያው ለጋሽ "ዘላቂነታችሁስ?" ይላል። ድፍረቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን ሲያግድ ሁሉም ተገለጠ። ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈላቸውን 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። በዚያው ገንዘብ የሚሠራ ድርጅትም ለሦስት ወር የሚያዘልቅ ተቀማጭ ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ ሠራተኛውን በትኖ ቢሮውን አይቆልፍም ነበር። ተቀማጭ ግን ከየት ይምጣ? የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ዘመን ሥልጠናንና ትራንስፖርትን ሳይቀር "አስተዳደራዊ ወጪ" እያለ ከ30 በመቶው ጣሪያ ሥር ይጨምር ነበር። የ2011ዱ አዋጅ 1113 ትርጉሙን አላልቶ ገቢ ማመንጨትንም በስፋት ፈቀደ፤ ጣሪያውን ግን ወደ 20 በመቶ አወረደው። ለጋሾችም ሒሳብ ሠራተኛና ሾፌር ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር የተፈረመ በጀት በአንድ ሌሊት ቀለለ፤ ውሉን ግን ስንቱ ለጋሽ ዳግመኛ ከፈተው?

"ተቀማጭ ከተፈቀደ ይሰረቃል" ይሉናል። ሰኔ 2015 የምግብ ዕርዳታ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው በስርቆት ምክንያት ነበር፤ የተሰረቀው ግን የማንም ድርጅት ተቀማጭ ሳይሆን ቅጽ የተሞላበት፣ ዝርዝር የወጣለት እህል ነው።

ለጋሽ መርዳት ከፈለገ የሦስትና የአምስት ዓመት ውል ይፈርም፣ የስድስት ወር መጠባበቂያ በበጀቱ ውስጥ በስሙ ይጻፍ፣ መውጣቱን ደግሞ በድንገተኛ ደብዳቤ ሳይሆን ዓመት አስቀድሞ ይንገር። አዲስ ጥበብ አይደለም። እዚያው ይፋት ውስጥ ያለ የትኛውም እድር ከአባላቱ በየወሩ ይሰበስባል፣ ዳኛው በአባላቱ ፊት ሒሳብ ያሳያል፣ ገንዘቡም ይቀመጣል። ድንኳን የሚገዛው ሰው ከሞተ በኋላ ነው እንዴ?