መነጽሩን ማን ይክፈል?



ባለፈው ሐምሌ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶችና ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር አውቶቡስ ተከራይተን፣ ከምንኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጥቂት ሰዓት የሚያስነዳ አንድ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሄደን ነበር። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከደሴ የመጡ አንዲት እናትም አብረውን ነበሩ። እኚህ እናት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ማለዳ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው የሚያነቡ ናቸው። ልጃቸው እዚህ እንደ ደረሱ መጀመሪያ ያደረገችላቸው ነገር ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስዳ መነጽር ማሠራት ነበር። ከ300 ዶላር በላይ ወጥቶበታል።

የልጅ ልጃቸው «አያቴ ካልገባች አልገባም» ብሎ ስላስቸገረ በውሃ ላይ ቀስ ብላ የምትሄድ ጀልባ ላይ ሊሳፈሩ ተሰለፉ። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ሠራተኛ መነጽራቸውን አየና አውልቀው እንዲሰጡት በምልክት ጠየቃቸው። ሰጡት። እርሱም ተቀብሎ የሌሎች ሰዎች ቦርሳና ጫማ በሚቀመጥበት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አኖረው። ሲመለሱ አንደኛው መስታወት ተሰንጥቆ፣ ፍሬሙ ተጣሞ አገኙት። የሆነውን የነገረን ሠራተኛው ራሱ ነው፤ ሳጥኖቹ ሞልተው ስለነበር ሳያይ ከባድ የጀርባ ቦርሳ ጭኖበታል። ልጁ በጣም ደነገጠ። እማማም «ምን አድርጎ ነው፣ ሳያውቅ ነው እኮ፣ ተዉት» አሉ።

በዚያው ቀን ከወጣቶቻችን አንዱ ስልኩ ጠፋበት። «ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ» የሚል ማስታወቂያ በድምፅም በጽሑፍም እየሰማና እያየ፣ ቪዲዮ ልቅረጽ ብሎ ስልኩን ሮለር ኮስተር ላይ ይዞ ወጣ፤ ከላይ ሲገለበጡ ስልኩ በረረ።

ሁለቱን ጉዳዮች ይዘን ወደ እንግዶች አገልግሎት ቢሮ ሄድን። ለሁለቱም የተሰጠን መልስ አንድ ነበር፤ መግቢያው ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ፣ ማለትም «ድርጅቱ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ንብረት ተጠያቂ አይደለም» የሚለው። ያነጋገረችን ሴት ትሑት ነበረች፤ ፈገግታም አልጎደላትም። እኛን ያሳሰበን የመልሱ አንድ መሆን ነው። በራሱ እልህ ስልኩን ያጣውና በታዘዘው መሠረት መነጽሩን ያስረከበው ሰው እንዴት እኩል ይታያሉ?

ይህ ትንሽ ጉዳይ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ አውጥቶ በሲና ሕግ ሲሰጣቸው ለዚህ «ትንሽ ጉዳይ» ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። አሥርቱ ትእዛዛት ከተነገሩ በኋላ ብዙ ሳይርቅ፣ ዘጸአት 21 እና 22 ላይ ስለ ጉድጓድ፣ ከእርሻ ወደ እርሻ ስለሚዛመት እሳት፣ ስለ አደራ ዕቃ፣ በውሰት ስለተወሰደ ከብት ይናገራል። አብዛኞቻችን በዓመታዊ የንባብ ፕሮግራማችን ቶሎ ቶሎ የምናልፋቸው ምዕራፎች ናቸው።

ቀስ ብሎ ላነበባቸው ግን አንድ ነገር ይታያል። ሕጉ ሁሉንም ጉዳት በአንድ ጆንያ አይከትም። አንድ ሰው የጎረቤቱን ከብት በአደራ ተቀብሎ አውሬ ቢሰብረው፣ የተሰበረውን አምጥቶ ያሳያል እንጂ አይከፍልም፤ ከእጁ ቢሰረቅ ግን ይከፍላል። የተዋሰው ከብት ቢጎዳ ወይም ቢሞት፣ ባለቤቱ አብሮ ነበረ ወይስ አልነበረም ተብሎ ይጠየቃል፤ ካልነበረ ተዋሹ ይከፍላል፣ ከነበረ አይከፍልም። እሳት ያነደደ ሰው የጎረቤቱን እህል ላቃጥል ብሎ ባያስብም፣ እሳቱ ከእጁ ወጥቶ ነዶ ካቃጠለ ይከፍላል። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ፣ በሬ ቢገባበት ለባለቤቱ ዋጋውን ይከፍላል፤ የሞተው በሬም ለእርሱ ይሆናል። (ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል እንዴት ደስ ትላለች! ከፋዩ እንኳ እንዳይበደል ታስቦለታል።)

እንግዲህ በእነዚህ ጥያቄዎች የእኛን ሁለት ዕቃዎች እንመዝን። ዕቃው በማን እጅ ነበር? ባለቤቱ ሊጠብቀው ይችል ነበር? ጉድጓዱ ተከድኖ ነበር?

ስልኩ በባለቤቱ ኪስ ነበር። ፓርኩም ጉድጓዱን ከድኗል፤ አስጠንቅቋል፣ ማስቀመጫ ሳጥን አዘጋጅቷል። አንዳንድ ትልልቅ ፓርኮች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ያለው ዩኒቨርሳል በአንዳንድ ፈጣን ሮለር ኮስተሮቹ መግቢያ ላይ የብረት መፈተሻ አቁሞ፣ ቁልፍ ያላቸው ትንንሽ ሎከሮች በነጻ ይሰጣል፤ ከከፍታ የሚወድቅ ስልክ ታች ያለን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ስለዚህ ለስልኩ ፓርኩ የገንዘብ ዕዳ የለበትም ብለን እናምናለን። ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ ሲቆም ከሐዲዱ ሥር ፈልጎ የተገኘውን ለባለቤቱ መመለስ። ዘዳግም 22 የወንድምህ በሬ ጠፍቶ ብታገኘው ፈላጊው እስኪመጣ ጠብቀህ መልስለት እንደሚል ማለት ነው። ወጣታችን ይህን ስንነግረው ፊቱን አጠቆረብን፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

መነጽሩስ? በባለቤቱ እጅ አልነበረም። ሠራተኛው ጠይቆ ተቀብሏል። እማማ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ሳጥኑን ሊጠብቁ አይችሉም። የሞላ ሳጥን ላይ ቦርሳ የጫነው የፓርኩ እጅ ነው። ሆን ብሎ እንዳላደረገው እናውቃለን፤ እሳቱን ያነደደውም ሰው ሆን ብሎ አልነበረም። ይህ አደራ ነው፣ የአደራ ዕቃ በተቀባዩ ቸልተኝነት ሲሰበር ደግሞ ተቀባዩ ይከፍላል።

«ጽሑፉስ?» ይባል ይሆናል። በአገራችን ጋራዥ፣ ካፌ፣ መኪና ማቆሚያ የገባ ሁሉ «ለሚጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚለውን ወረቀት ያውቀዋል። ለምደነው ሕግ ይመስለናል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። በእንግሊዝ አገር በ1949 እ.ኤ.አ. የታየ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ባልና ሚስት ሆቴል ገብተው መግቢያው ላይ ከፈሉ፤ መኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሆቴሉ ለጠፋ ዕቃ እንደማይጠየቅ የሚገልጽ ጽሑፍ ነበር። ቁልፋቸው ከመግቢያው ተወስዶ የሴትየዋ የጸጉር ካፖርቶች ተሰረቁ። ፍርድ ቤቱ ውሉ የተፈጸመው ታች ነው፣ ጽሑፉን ያዩት በኋላ ነው ብሎ በሆቴሉ ላይ ፈረደ። እዚያው እንግሊዝ በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ደግሞ አገልግሎት ሰጪ ሥራውን በተገቢው ጥንቃቄ ለመሥራት ካለበት ግዴታ በጽሑፍ እንዳያመልጥ ይከለክለዋል። በአሜሪካ ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ በጠቅላላው ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቃል ሁሉንም ዕዳ አይፍቅም።

ሕጉ ባይኖርም እንኳ ለእኛ ጥያቄው ግልጽ ነው። ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ «ተጠንቀቅ፣ ኪስህ ውስጥ ያለውን እኛ አንጠብቅልህም» ማለት ተገቢ ነው። «ከእጅህ ተቀብዬ ብሰብረውም አያገባኝም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ቃል አስቀድሞ መጻፍ ጉድጓዱን አይከድነውም።

እዚህ ላይ ስለዚያ ወጣት ሠራተኛም አንድ ነገር እንበል። እማማ «ተዉት» ያሉት በአብዛኛው ለእርሱ አዝነው ነው፤ ከደመወዙ የሚቆረጥበት መስሏቸው። ካፌ ውስጥ ብርጭቆ የሰበረች አስተናጋጅ ከደመወዟ ሲቆረጥባት ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። ነገር ግን ሳጥኖቹ እንዲሞሉ ያደረገው ልጁ አይደለም። ለስንት ሰው ስንት ሳጥን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው፣ ትርፉንም የሚሰበስበው ድርጅቱ ነው። ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ልጁም ሊመሰገን የሚገባው እውነቱን ስለተናገረ ነው። «አላውቅም» ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ የዲዝኒን ፓርኮች እያነሡ «እነርሱ እኮ የሕፃን ፊኛ ቢፈነዳ እንኳ ይተካሉ» ይሉናል። እውነት ነው፤ መልካም ልማድም ነው። ግን ሁለቱን አንቀላቅል። ሕፃኑ ራሱ ያፈነዳውን ፊኛ መተካት ቸርነት ነው። የሰበሩትን መነጽር መክፈል ቸርነት አይደለም፣ ዕዳ ነው። ዕዳውን እንደ ቸርነት አድርጎ የሚሰጥ ሰው ምስጋናውንም ጭምር ይወስዳል።

ከመካከላችን ጠንከር ያለ ተቃውሞ የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። «ክርስቲያን መብቱን አይጠይቅም፣ ሁለተኛውን ጉንጭ ይሰጣል፤ ለመነጽር ብለን ምስክርነታችንን እናበላሽ?» ያሉን ወንድሞች ነበሩ። ከልባቸው ነው፣ እናከብራቸዋለን። ሆኖም ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ ጉንጭ መስጠት የሚቻለው የራስን ነው። እማማ ይቅር ማለት ይችላሉ፤ ብለዋልም። እኛ የምናይ ሰዎች የእርሳቸውን ዓይን ቸር ሆነን ልንሰጥ አንችልም። ሁለተኛ፣ የተበዳይ ይቅርታ የበዳዩን ግዴታ አያጠፋም። ዘኬዎስ በሉቃስ 19 ላይ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ጌታ «ተወው፣ ይቅር ተብለሃል» አላለውም። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተደብድቦ ታስሮ፣ በማግሥቱ በስውር ውጣ ሲባል እምቢ ብሏል፤ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ (ሐዋርያት ሥራ 16)። በጨዋ አንደበት የሆነውን መናገር ምስክርነትን አያበላሽም።

ምስክርነት የሚያበላሸው ሌላ ነው። የካሳ ማመልከቻውን ስንሞላ አንድ ሰው «600 ዶላር ብላችሁ ጻፉ፣ ሀብታም ድርጅት ነው፣ ምንም አይሆንም» አለን። ይህ ምክር ከጽሑፉ የባሰ ነው። በዘሌዋውያን 6 ላይ አደራ ተቀብሎ የካደም፣ በሐሰት የማለም በአንድነት ተቆጥረዋል። የከፈልነው እንደሚታወቅ ከዓይን ሐኪሙ የተሰጠንን ደረሰኝ አያይዘን፣ የተሰበረውን መነጽር ፎቶ አንሥተን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈን ላክን። ሠራተኛው እውነቱን እንደነገረንም አልዘለልንም፤ እንዳይቀጣም ለመንን።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ተጠያቂ እንዳልሆኑ ደግመዋል፣ «ለመልካም ግንኙነታችን» ብለው ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ነጻ መግቢያ ልከዋል። እማማ በዚያን ጊዜ ደሴ ገብተዋል። መነጽራቸው በፕላስተር ታስሮ ነው የሄዱት፤ በግራ ዓይናቸው እንደሚያነቡ በስልክ ነገሩን። ነጻ መግቢያውን መልሰን ልከን ደረሰኙን በድጋሚ አያይዘናል። እስካሁን መልስ የለም። አዲሱን መስታወት ቤተሰቡና የቤት ለቤት ኅብረታቸው አዋጥተው አሠርተው፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ልከውላቸዋል።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ልንጨርስ ነበር። ስናነብበው ግን ከአዘጋጆቹ አንዷ ዝም ብላ ቆየችና «የትንሣኤ ጉባኤ ላይ የሆነውንስ?» አለች። አስታወስን። አዳራሹ ጠቦ የሕፃናት ጋሪዎችን የአስተናጋጅ ክፍል ወንድሞች ወደ ጓሮ ሲያወጡ የአንዲት እህት ጋሪ ጎማው ተሰብሮ ነበር። ትታችሁ ግቡ ያልናቸው እኛ ነን። ተሸክመን ያወጣነውም እኛ ነን። እህታችን መጥታ ስታሳየን ትከሻዋን አቅፈን «ጌታ ይተካልሽ» አልናት፤ እርስዋም «አሜን» ብላ ሕፃኑን አዝላ፣ ጋሪውን እየጎተተች ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች።

ረቡዕ ማታ ደወልንላት። መጀመሪያ የምን ጋሪ እንደሆነ አልገባትም ነበር፤ ከዚያ ሳቀች፣ ልጁ አሁን በእግሩ ይሄዳል አለችን። ዋጋውን እንድትነግረን ሦስት ጊዜ ለመንናት። በመጨረሻ 140 ዶላር ነው አለች፤ ቼኩ እሑድ ይሰጣታል።