ክብደቱ ከሣጥኑ ጋር አይጣል

ክቡራን አስመጪዎችና ባለሱቆች፤

በመኖሪያ ግቢው አንድ ክፍል ለይቶ፣ ቶርኖ ወይም የብረት መብሻ ተክሎ የሚሠራ ባለሙያ ምን ያህል እንደ ሆነ ከእናንተ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ደንበኛችሁ ነውና። ነገር ግን የሥራ መኪናው ከመጋዘን ወጥቶ በገዢው ቤት ወለል ላይ እስኪቆም ድረስ የሚደርሰውን ሁሉ ሻጩ እንደማይመለከተው አድርጎ መቍጠሩ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው።

በአንድ ጎረቤቴ ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያገለገለ ቶርኖ ገዝቶ በካሚዮን አስመጣ። ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሻጩን ቢጠይቀው፣ ያገኘው መልስ «ስድስት ሰው ይበቃዋል» የሚል ነበር። ስድስቱም ጫኝና አውራጆች ብርቱዎች ነበሩ። በሁለት ሳንቃ ላይ እያንሸራተቱ ሲያወርዱት ግን ሞተሩና ማርሹ ያለበት ወገን ከብዶ አንደኛውን ሳንቃ ሰበረው፤ ከሥር የነበረውም ወጣት እግሩን ለማውጣት አልደረሰም። እስከ ዛሬ ያነክሳል።

«ስድስት ሰው» ክብደት አይደለም። መካከለኛ ቶርኖ ብዙ ጊዜ ከ1000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ባወጣው ምክር፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳያልፍ አሳስቧል። በዚህ ሒሳብ 18 ሰው እንኳ አይበቃም፤ ቢበቃስ አሥራ ስምንቱ የሚጨብጡት ከየት ይገኛል?

የሚያስገርመው ክብደቱ የታወቀ መሆኑ ነው። በመርከብ የሚጫን 1000 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ ጠቅላላ ክብደቱ በውጭ በኩል እንዲጻፍበት በ1929 ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደርጓል። በመጫኛ ሰነዱም ላይ አለ፤ ጉምሩክም ያየዋል። የማያየው ገዢው ብቻ ነው፤ ሣጥኑ በመጋዘን ፈርሶ ለማገዶ ይሄዳልና።

ስለዚህ አስመጪው ክብደቱንና ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሰነድ የሌለው አሮጌ መኪና ከሆነ ካሚዮኑን ባዶውንና ከነጭነቱ ማስመዘን ይቻላል። ቶርኖ ከመነሣቱ በፊት በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተቱት ክፍሎች ወደ ቀላሉ ጫፍ ተስበው እንዲጠብቁም ይነገር፤ ሚዛኑን ያስተካክላሉ። በሁለት ወገን የታሰረ ካቦም ተዘርግቶ ከአግድም መሥመር በ30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካለ፣ እያንዳንዱ ወገን የሚሸከመው የጭነቱን ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ክብደት ያህል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካቦው በጠሰብኝ ብሎ ፋብሪካውን ይወቅሳል።

በግቢ ውስጥ ጣውላ አንጥፎ በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለሉ መውሰድ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለስላሳ አፈር ቱቦውን ይውጠዋልና ጣውላው አይቅር። በዲጂኖ ጥቂት ከፍ ባለ ቍጥር ወዲያው እንጨት ይደገፍበት፤ እጅ ግን ከሥር አይግባ። ፓራንኮን ከቤት ጣራ እንጨት ላይ ማንጠልጠል ጣራውንም መኪናውንም ማጣት ነው፤ ባለ ሦስት እግር የብረት ምሰሶ ያስፈልገዋል።

ይህን ምሰሶና ፓራንኮ ባለሱቁ ለኪራይ ቢያኖር ራሱ አንድ ንግድ ይሆነዋል። ኪራዩ በማን ሒሳብ ይሁን የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ሻጩ በመኪናው ዋጋ ውስጥ ያስገባው፤ ለብቻው ተጽፎ ከቀረበለት ገዢው መጀመሪያ የሚሰርዘው እርሱን ነው።