መብራት የምትሸሸው ኦፓል

የልጄን ልጅ ልጠይቅ ሜሪላንድ በሄድኩበት ሰሞን ሳሎን ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች እንሽላሊት ተቀበለችኝ። እኔ ያደግኩት ወገል ጤና ነው፤ እንሽላሊት ቤት ከገባች በመጥረጊያ ትባረራለች እንጂ ስም አይወጣላትም። ይቺ ግን «ኦፓል» ትባላለች። ስሟን ያገኘችው በ2000 ዓ.ም. በእኛ ገደሎች ከተገኘው የከበረ ድንጋይ ነው፤ አንዲት ጠጠር ልኬለት ነበር።

ዘሯ ሌፐርድ ጌኮ ነው። ቀን ተደብቆ ሲመሽ ይወጣል፤ ከአብዛኞቹ ጌኮዎች በተለየ ዓይኑን መክደን ይችላል። ኦፓል ግን ከከደነች ሦስት ቀኗ ነው፤ ፌንጣም አልበላም አለች። ልጁ ያለቅሳል። የልጅ ልጅ እንባ ታውቁታላችሁ።

ከላይዋ ነጭ አምፖል ቦግ ብሏል። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ትራኮማ ዓይኗን ሲያማት ፊቷን በነጠላ ሸፍና፣ ከበሩ ርቃ ጨለማው ጥግ ትቀመጥ ነበር። «ይህን መብራት አጥፉላት» አልኩ። ሳቁብኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ኦፓል አልቢኖ ናት አለችን፤ ጥቁሩ ቀለም ስለሌላት ደማቅ ብርሃን ዓይኗን ይወጋታል። ሙቀቱ ከሣጥኑ ሥር በሚነጠፍ፣ መቆጣጠሪያ ባለው ማሞቂያ ይሁንላት፤ መደበቂያዋ 32 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ስትገለፈፍ ቆዳው ዓይኗ ላይ እንዳይቀር አንዱ ጎሬ እርጥበት ይኑረው። ከቀረም በጥፍር መላጥ አይገባም። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዓይን ያብጣልና ፌንጣው ላይ የሚነሰነስ ዱቄት አዘዘችልን፤ ሲበዛ ስለሚመርዝ በልክ።

በአራተኛው ቀን ማታ ልጁ «እምዬ፣ ነይ!» ብሎ ጠራኝ። መብራት ሳናበራ ሣጥኑ ሥር ተንበረከክን። አንድ ዓይኗን ገልጣለች።