ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃም



«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ተረት። አዎ፣ አይበቃም። ነገር ግን ልጁ ዛሬ ለእራት የማይበቃውን ካላቦካ ነገ ለድግስ የሚበቃውን ማን ያቦካዋል? ይህን ጥያቄ ያነሣነው ስለ ሊጥ ለማውራት አይደለም። ገና አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ሕፃናት በቆቦና በራያ ቆላ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በእጃቸው ምን እየነኩ ሊማሩ ይገባል በሚለው ላይ ለመወያየት ነው። አቋማችንን ሳንደብቅ እንናገር። እያንዳንዱ የሕፃናት ክፍል ከበሩ አጠገብ አንድ ትንሽ የአትክልት መደብ ያስፈልገዋል። ያም መደብ ልክ እንደ ጥቁር ሰሌዳው የማስተማሪያ ቦታ ተብሎ በሳምንታዊው የትምህርት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ፍሪድሪኽ ፍሮብል የተባለ ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 ብላንክንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ ቤት ከፈተ። በ1840 ደግሞ «ኪንደርጋርተን» የሚል ስም አወጣለት፤ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ማለት ነው። ስሙ ለማሳመሪያ ብቻ የወጣ አልነበረም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቁራጭ መደብ ነበረው፤ ከዚያም ሌላ ሁሉም በአንድነት የሚንከባከቡት የጋራ መደብ ነበራቸው። ስሙ ዓለምን ሲዞር ግን በብዙ አገር አትክልቱ በመንገድ ላይ ቀረና ክፍሉ ብቻ ደረሰ።

በእኛም አገር ሕፃናትን ማስተማር ትናንት አልተጀመረም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ፊደልና አቡጊዳ ሲያስቆጥር፣ የቁርአን ቤቱም በእንጨት ሉሕ ላይ ሲያስጽፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብሔራዊ የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ «ዜሮ ክፍል» የምንለው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት መድቧል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀድሞ የከተማ ሰው፣ ያውም ከፍሎ ማስተማር የሚችለው፣ ብቻ ያገኘው የነበረውን ዕድል የገበሬውም ልጅ እንዲያገኝ በር የከፈተ ነው።

ታዲያ በሩ ከተከፈተ በኋላ ሕፃኑ ምን ያገኛል? እኛ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ያየነውን እንናገር። በአንድ የሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ የአራቱ ወቅቶች ሥዕል ተለጥፏል። «ጸደይ» ተብሎ የተጻፈበት ሥዕል በረዶ ሲቀልጥና የፈረንጅ አበባ ሲፈካ ያሳያል። ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ጸ-ደ-ይ!» ብለው ይጮሃሉ። ከሥዕሉ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ውጭ ግን የዞብል ተራራ ቆሟል፤ ሜዳው ላይ ማሽላው አሽቷል። አንድም ልጅ ቀና ብሎ ያንን እንዲያይ አልተጠየቀም።

ለመሆኑ የእኛ ጸደይ መቼ ነው? በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በሰው አፍ ደግሞ ጸደይ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አበባ የሚፈካበት መስከረም ነው። ለራያ ቆላ ልጅ ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው በልግ የሚለው ቃል ነው። የበልግ ዝናብ መጣ ወይስ ቀረ የሚለው ወሬ በየቤቱ የሚወራ ነው። ዝናቡ በጊዜው ከጣለ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ ከቀረ ደግሞ ገበሬው እስከ ክረምት ጠብቆ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አባቱ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አይቷል እኮ! ይህን እያወቀ የመጣን ልጅ በበረዶ ሥዕል ማስተማር ከሚያውቀው አንሥቶ ወደማያውቀው መውሰድ የሚለውን የማስተማር ሕግ መገልበጥ ነው።

ይህ ልጅ ባዶ እጁን ወደ ትምህርት ቤት አይመጣም። ጥንቅሽ ከማሽላ መሐል ለይቶ ያውቃል። ከታላላቆቹ ጋር ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲጠበቅ አይቷል። በጭቃ በሬ ሠርቶ፣ ቀንድ አውጥቶ፣ በእንጨት ቀንበር ጠምዷል። ጎርፍ ሲመጣ አዋቂዎች ጠልፈው ወደ ማሳ ሲመልሱት ተመልክቷል። ትምህርት ቤቱ ይህን ዕውቀት በር ላይ አስቀምጠህ ግባ ሊለው አይገባም።

እንግዲህ «በተግባር ምን ይደረግ?» ለሚሉን፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ሥራዎችን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ማብቀል። የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም የሸክላ ስባሪ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥቂት ፌጦና ማሾ ይበቃል። ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላሉ፤ የሕፃን ትዕግሥት አጭር ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዱን ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ፣ ሌላውን በደረቅ ጨርቅ፣ ሦስተኛውን አርሶ በጨለማ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ መምህሩ ዝም ይበልና ልጆቹ «ይኼኛው ለምን አልበቀለም? ያኛው ለምን ገረጣ?» ብለው እንዲጠይቁ ይተዋቸው። የሳይንስ ትምህርት መጀመሪያ «ለምን?» ነው እንጂ የሳይንስ ስም መሸምደድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መለየትና መቁጠር። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሽምብራና የዱባ ፍሬ ደባልቆ ሰፌድ ላይ ማፍሰስ ነው። ልጆቹ በቀለም፣ በመጠንና በቅርጽ ይለያሉ፤ አምስት አምስት እያደረጉ ይቆጥራሉ። «5» የምትባለው ቁጥር ሰሌዳ ላይ ከምትገኝ ይልቅ መዳፍ ላይ ስትገኝ ቶሎ ትገባለች። መምህሩ ግን ዓይኑን መንቀል የለበትም፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ትንንሽ ፍሬ በአፍንጫና በጆሮ ይከትታሉ።

ሦስተኛ፣ አፈርን ማወቅ። ከተለያየ ቦታ የመጣ አፈር በጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጦ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፤ ደቃቁ አፈር ቆይቶ ከላዩ ይረጋል። ጎርፍ ከምዕራቡ ተራራ ደለል አምጥቶ ሜዳውን እንዴት እንደሚያለብሰው ልጁ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያያል።

አራተኛ፣ መለካት። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተክል ይያዝ። በየሳምንቱ አንድ ቀን በማሽላ አገዳ ላይ ቁመቱን ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ ያየውን በከሰልም ሆነ በእርሳስ ይሣል። ረጅምና አጭር፣ ትናንትና ዛሬ፣ ብዙና ጥቂት የሚሉ ቃላት በዚህ መንገድ ሥር ይሰዳሉ።

አምስተኛ፣ ውኃን መቆጠብ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ውኃ ከጉድጓድ ወጥቶ በጠብታ መስኖ ሽንኩርት ሲያበቅል በአካባቢያችን ታይቷል። ያንኑ በትንሹ መሥራት ይቻላል። መምህሩ የሃይላንዱን ክዳን በመርፌ ይበሳዋል፤ ልጆቹ ውኃ ሞልተው ከተክሉ ሥር ዘቅዝቀው ይተክሉታል። ውኃው ጠብ ጠብ ሲል መቁጠርም ትምህርት ነው።

አሁን ደግሞ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ጋር ፊት ለፊት እንነጋገር። አንዳንድ ወላጆች «ልጄን አፈር እንዲገፋ ነው ወይ የላክሁት? አፈሩማ ቤቴ ሞልቷል፤ ፊደል አስቆጥሩልኝ» ይላሉ። ይህን ንግግር እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር መምህር ካለ ተሳስቷል። በደርግ ዘመን «ትምህርት ለምርት» የሚል መፈክር ነበር፤ የትምህርት ቤት እርሻም ነበር። ተማሪው መሬት ሲቆፍር ውሎ ምን እንደ ተማረ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ከተመለሰ፣ ያ ጉልበት እንጂ ትምህርት አይባልም። እኛ የምንለው ከዚህ የተለየ ነው። የሕፃናት መደብ ዓላማው ምርት አይደለም፤ ጎመኑ ቢደርቅም ልጁ ለምን እንደ ደረቀ ካወቀ ትምህርቱ ተሳክቷል። ፊደሉም አይቀርም። «ማ» ሲጻፍ ማሽላ፣ «ሽ» ሲጻፍ ሽንኩርት በእጅ ከተያዘ ፊደሉ ይበልጥ ይያዛል። ወላጅን ማሳመን የሚቻለው በስብሰባ ንግግር ሳይሆን ጠርቶ በማሳየት ነው። እንዲያውም ዘር መርጦ የማቆየትን ጥበብ ለልጆቹ የሚያሳዩ አያቶችን ክፍል ውስጥ መጋበዝ ይገባል። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስንመጣ የምናገኛት ጎብዬ ስሟን የያዘ፣ አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋም ዝርያ እንዳለ ስንቶቻችን መምህራን እናውቃለን? ገበሬው ግን ስለ ዘር ሲጠየቅ የሚለው አያጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የውኃ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በቆላ ውኃ የሚያባክን አትክልት ይኑር አንልም። በመሆኑም መደቡ ትንሽ ይሁን። ወርዱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ እንዲህ ከሆነ ልጅ ከሁለቱም ወገን እጁ ይደርስለታል፣ ተክሉንም አይረግጥም። እንደ ደጋው ከፍ ተደርጎ ሳይሆን ጎድጎድ ብሎ ይሠራ፤ በገለባ ወይም በማሽላ ቅጠል ጉዝጓዝ ይልበስ፤ ያኔ እርጥበቱን ይይዛል። በአንድ ክፍል 50 ሕፃናት ቢኖሩና እያንዳንዳቸው በግማሽ ሊትር ቢታጠቡ 25 ሊትር ውኃ ይወጣል። ሳሙና የነካው ውኃ በሚበላ ቅጠል ላይ አይፈስም፤ ከግቢው ዳር ለተተከለች ፓፓያ ወይም ማንጎ ሥር ግን ይሆናል። የፍየሉንም ነገር በግራር እሾህ አጥር መከላከል ይቻላል፤ ይህን የቆቦ ሰው ከእኛ በላይ ያውቅበታል።

ስለ ጥንቃቄም ዝም ማለት አይገባንም። በሜዳችን የተንሰራፋው ቅንጬ አረም ቆዳን ያሳክካል፤ ትንፋሽም ያስቸግራል። ስለዚህ ሕፃናት በባዶ እጃቸው እንዲነቅሉት ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ መደቡን ማጽዳት የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው። የተባይ መድኃኒት በሕፃናት መደብ ላይ አይረጭ፤ የመድኃኒት ዕቃም ታጥቦ ለመትከያ አይዋል። ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ የትምህርቱ ክፍል ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «በዚህ ጊዜ ስለ አትክልት የምታወሩት ጊዜ ተርፏችሁ ነው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እናከብራለን። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሀብን አይታለች። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ የራያን የደረሰ አዝመራ በልቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። ታዲያ መልሳችን ይህ ነው። ድርቅና አንበጣ የሚደጋገምበት አገር ልጅ ዘርን፣ አፈርንና ውኃን በአእምሮውም በእጁም ማወቅ አለበት። ሕፃኑን ስለ ረሀብ እናስፈራራው ማለታችን አይደለም፤ ለዚያ ዕድሜው አይደለም። ነገር ግን ብዙ ድንጋጤ ያየ ልጅ ዛሬ የዘራው ነገ በቅሎ ሲያገኘው፣ ነገ የሚባል ቀን እንዳለ ከማንም ስብከት ይልቅ ያች ቡቃያ ትነግረዋለች።

በመጨረሻም ነገሩ ወደ ራሳችን ቤት ይመለሳል። እኛ ዕጩ መምህራን የትምህርት ዕቅድ አጻጻፍ፣ የክፍል አያያዝና የመርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት እየተማርን ነው፤ ጥሩ ነው። ሆኖም ስለ ዘር ማብቀል ተጽፎልን ስናነብ እንጂ አብቅለን አላሳየንም። ሳይተክል የተመረቀ መምህር እንዴት አድርጎ ያስተክላል? ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ከተቋማችን ግቢ ለእያንዳንዱ የሥልጠና ቡድን አንድ መደብ ይሰጥ፤ በማስተማር ልምምድ ጊዜ እያንዳንዱ ዕጩ መምህር ቢያንስ አንድ ትምህርት ከክፍል ውጭ፣ በመደብ ላይ፣ ሲያስተምር ይገምገም፤ የመርጃ መሣሪያ ክፍላችንም የበረዶውን ሥዕል አውርዶ የበልግን፣ የክረምትን፣ የአጨዳንና የበጋን ሥዕል በራሳችን እጅ እንድናዘጋጅ ወረቀትና ቀለም ይስጠን።

ባልደረቦቻችን ሆይ! በዚህ አሳብ የማትስማሙ ካላችሁ ብዕራችሁን አንሡ፤ ይህ ግድግዳ ለሁላችንም ይበቃል። የምትስማሙ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ከየቤታችሁ አንድ አንድ እፍኝ ዘር ይዛችሁ ኑ። አበው «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብለዋል፤ ልጁም ርጥብ ነው፣ መሬቱም ቅርብ ነው።