መንደሬን ሊዘርፉብኝ ነው!
ባለፈው ቅዳሜ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ጽድ ጥላ ሥር አረፍ ብለን ሳለ ልጄ ስልኬን ለመነኝ፤ «እማዬ፣ መንደሬን ሊዘርፉብኝ ነው!»

ማታ እኔም ሞከርኩት። ትራቪያን ይባላል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተጀመረ፣ በብራውዘር የሚከፈት የስልት ጨዋታ ነው። እንጨት፣ ሸክላ፣ ብረትና እህል እያመረቱ መንደር ያሳድጋሉ፤ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ይተባበራሉ፣ ይዋጋሉ። ማቀድን ያለማምዳል። በነጻ ይጀመራል፤ «ወርቁ» ግን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ደግሞም እርስዎ ሲተኙ ጨዋታው አይተኛም፤ ሌሊትም ይዘረፋሉ።

ስለዚህ ልጅዎን ከመከልከልዎ በፊት አብረውት ይጫወቱ፤ ከዚያ በሰዓቱ ይስማሙ። የእኛ ውል ይህ ነው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጨዋታ የለም፤ ጉለሌ ስንሄድ ስልክ ቤት ይቀራል። መንደሩ ከተዘረፈም ይዘረፍ፤ በማግስቱ ይገነባል።