የቤት ማከፋፈያ ሳጥን ለፀሐይ ኃይልና ለባትሪ፦ በደባርቅና በዳባት አካባቢ ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በመመረቁ የሀገሪቱ ኃይል የማመንጨት አቅም በእጅጉ አድጓል። ሆኖም ኃይሉ ከማመንጫው ተነሥቶ ሰሜን ጎንደር ከፍታ ላይ እስከሚገኝ ቤት ድረስ ረጅም መስመር ይጓዛል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም 65 በመቶው ተጠቃሚ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ እንደ ፀሐይ ኃይል ካሉ አማራጮች እንዲያገኝ ያቀደው ይህንኑ ከግምት በማስገባት ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየደረጃው እየተሻሻለ መምጣቱም የመስመር ኃይል ያላቸው ቤተሰቦች ጭምር ስለ ሶላር እንዲያስቡ አድርጓል።

ብዙ ጊዜ ውይይቱ የሚያተኩረው በጣሪያ ላይ በሚወጣው ሰሌዳና በባትሪው ዋጋ ላይ ነው። ሥራውን ግን አስቀድሞ የሚወስነው በግድግዳ ላይ ያለው የማከፋፈያ ሳጥን፣ በተለምዶ ፓኔል ቦርድ የሚባለው ነው። ቤቱ ገና ሲገነባ ሰፋ ያለ ሳጥን መምረጥ አነስተኛ ተጨማሪ ወጪ ብቻ ይጠይቃል። ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ መቀየር ግን ግድግዳ ማፍረስን፣ ሽቦ ማደስንና እጥፍ ክፍያን ያስከትላል።

የሳጥኑ መጠን የሚታወቀው በስሌት ነው። በተለመደው አሠራር ኃይል የሚገባው ከቆጣሪው በኩል ብቻ በመሆኑ ዋናው ብሬከር ሙሉውን ጭነት ይቆጣጠራል። ኢንቨርተር በዚያው ሳጥን ላይ ሲገናኝ ግን ኃይል ከሁለት አቅጣጫ ይገባል። ዋናው ብሬከር ከፀሐይ የሚመጣውን ስለማይቆጥር ብሬከሮቹን የሚያገናኘው የመዳብ ዘንግ (ባስባር) አንዳቸውም ሳይቋረጡ ከአቅሙ በላይ ሊግል ይችላል። ስለዚህ የባስባሩ አቅም ከዋናው ብሬከርና ከኢንቨርተሩ ብሬከር ድምር ማነስ የለበትም።

ለምሳሌ ባለ አንድ ፌዝ ቤት በ220 ቮልት 32 አምፔር ዋና ብሬከር አለው እንበል። 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር 14 አምፔር ገደማ ያመነጫል፤ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ሲታከልበት 20 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ድምሩ 52 በመሆኑ ባለ 63 አምፔር ባስባር ይችለዋል። ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ወደ 5 ኪሎ ዋት ቢያድግ ግን 32 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ድምሩም 64 ይሆናል። ያ ሳጥን በአንድ አምፔር አንሶ ተነቅሎ ሊጣል ነው። ከመጀመሪያው ባለ 80 ወይም ባለ 100 አምፔር ባስባር ያለው፣ ቢያንስ አራት ባዶ የብሬከር ቦታ የተተወለት ሳጥን ቢገዛ ይህ ኪሳራ አይደርስም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጭነት አከፋፈል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ቢጋገርበት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህም መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና አነስተኛ ማቀዝቀዣ በሁለት ቀን ከሚጠቀሙት ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም ምጣድና የውሃ ማሞቂያ በዋናው ሳጥን ላይ ቀርተው፣ መብራት ሲጠፋ መቋረጥ የሌለባቸው መስመሮች ብቻ በተለየ ንዑስ ሳጥን ቢሰበሰቡ ባትሪው ዘግይቶ ቢገዛ እንኳ ያለ ተጨማሪ የሽቦ ሥራ ይገናኛል።

የአካባቢው አቀማመጥም የራሱ ትኩረት ይሻል። ሁለቱም ከተሞች ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የተለመዱ የቤት ብሬከሮችና ኢንቨርተሮች ግን በአብዛኛው የሚፈተሹት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዕቃው ሙቀቱን በቀላሉ አያስወጣም፤ ስለዚህ ሲገዛ በከፍታ ምክንያት የሚቀነሰውን አቅም ከአምራቹ መመሪያ መመልከት ያስፈልጋል። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ወደ ዛሪማ ባለው ቆላ ደግሞ የሚያስቸግረው የአየሩ ሙቀት ነው። በደጋው ብርድ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሊቲየም ባትሪን መሙላት ስለሚጎዳው ባትሪው ከቤት ውጭ አይቀመጥም። በክረምት ደመና የፀሐይ ኃይል ስለሚቀንስ ስሌቱ በጥር ፀሐይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ለመብረቅ የተጋለጠ ስፍራ በመሆኑም አስተማማኝ የመሬት መስመርና የመብረቅ መከላከያ የሚገጠምበት ቦታ በሳጥኑ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። ኢንቨርተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር መስደድ እጅግ አደገኛ ነው። መብራት ጠፍቶ ሠራተኞች ምሰሶ ላይ ሳሉ ከአንድ ቤት የወጣ 220 ቮልት በትራንስፎርመር ተገልብጦ 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚከላከለው ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርግ መቀያየሪያ፣ ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋ ኢንቨርተር ነው።

ስለሆነም ቤት የሚሠሩም ሆነ የሚያድሱ ተገልጋዮች ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት የአሁኑንና የወደፊቱን ጭነት የሚያሳይ ዝርዝር ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስዘጋጀት ይኖርባቸዋል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን በመሆኑ ሽቦው ሳይወፍር ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ አይፈቀድም። የቆጣሪው ማሸጊያ በግል አይነካም፤ ተጨማሪ ኃይል ሲያስፈልግ ወይም የፀሐይ ኃይልን ከዋናው መስመር ጋር ማገናኘት ሲፈለግ ጥያቄው አስቀድሞ በአቅራቢያው ላለ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች ማዕከል ይቀርባል። የጭነት ዝርዝሩና የመስመሩ ንድፍ በሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢለጠፍ ባትሪውን ወደፊት የሚገጥመው ባለሙያ ሥራውን በግምት አይጀምርም።