ሪሲቨሩ ድምፅ ሲያጣ

የዚህን ወር ርዕሳችንን ያገኘነው በባሌ፣ ጎሮ ከተማ፣ በእንግድነት ከገባንበት አንድ ቤት ነው። ማምሻውን ዜና ለመስማት ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ድምፁ ግን የለም። አባት ወዲያው ወደ ትንሹ ልጃቸው ዞረው «ሪሞቱን ስትነካካ ሪሲቨሩን አቃጠልከው!» ሲሉ ተቆጡ። ልጁ እያለቀሰ ወጣ። ሪሲቨሩም በማግሥቱ ሮቤ ተወስዶ እንዲሠራ ተወሰነ።

እኛም «እስቲ ሌላ ጣቢያ ይክፈቱልን» አልናቸው። ሲከፍቱት ድምፁ ወጣ። ሪሲቨሩ አልተቃጠለም ማለት ነው።

ድምፅ ወደ ጆሯችን ሲመጣ በሦስት በሮች ያልፋል፤ እነሱም ጣቢያው፣ ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ ናቸው። እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት የተዘጋው በር የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባናል።

በቅድሚያ ጣቢያ እንለውጥ። ድምፅ የጠፋው በአንዱ ጣቢያ ብቻ ከሆነ በሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነን ሌላ የድምፅ መስመር እንምረጥ።

በሁሉም ጣቢያ ከጠፋ የሁለቱንም ሪሞቶች ድምፅ እንይ። ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ የየራሳቸው ድምፅ መቀነሻና ማጥፊያ ስላላቸው አንዱን ከፍ አድርገን ሌላውን ልንረሳ እንችላለን።

ቀጥሎ ገመዱን እንፈትሽ። ባለ ሦስት ቀለም ከሆነ ቢጫው ምስል፣ ቀይና ነጩ ድምፅ ስለሚያስተላልፉ፣ ሁለቱ ከላሉ ምስል እያለ ድምፅ ይጠፋል። ፍላሽ የምናጫውት ከሆነና በእሱም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ምናልባት ከቴሌቪዥኑ ነው።

ድምፁ እየተቆራረጠ ምስሉም የሚሰባበር ከሆነ ግን ዲሹን እንጠርጥር። ብዙ የአገራችን ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሚገኝ ዲሹ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ነፋስ ጥቂት ካዞረው ሥርጭቱ ይደክማል።

በዚያ ቤት የተገኘው ምክንያት ከእነዚህ የተለየ ነበር። አንዳንድ ጣቢያዎች ድምፃቸውን ዶልቢ በሚባል ዘዴ አሽገው ይልካሉ። በቀድሞው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ጊዜ እሽጉን ሪሲቨሩ ራሱ ይፈታው ነበር። ገመዱ በኤችዲኤምአይ ሲለወጥ ግን ድምፁን እንደታሸገ ወደ ቴሌቪዥኑ አሳለፈው፤ ቴሌቪዥኑም መፍታት የማይችል ሆነ። በሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ የዲጂታል ድምፁን ምርጫ «ፒሲኤም» ወደሚለው ስንለውጠው ዜናው ተሰማ።

ገመዱን የዚያን ዕለት የለወጡት አባትየው ራሳቸው ነበሩ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ልጁን አስጠርተው «ና ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉት፤ ሪሞቱንም በእጁ ሰጡት።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ ተሞክሮ ድምፅ ካልመጣ ወደ ባለሙያ እንሂድ፤ ሪሲቨሩን ግን ቤት ውስጥ አንክፈተው፣ ኤሌክትሪክ አደጋ አለውና። ዕቃ ሲበላሽም መጀመሪያ ገመዱን እንጠይቅ፤ ልጁን ለመውቀስ አንቸኩል።